በሐይቁ ጎል ፊት ያለው ጉድጓድ

ሜዳችን ከፋሲሎ ወደ ጣና ሲወረድ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሁለት ጎል አለው። አንደኛውን የመንገዱ ጎል፣ ሌላኛውን የሐይቁ ጎል እንላቸዋለን። ከሐይቁ ጎል ጀርባ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ደንገል፣ ከደንገሉ ጀርባ ውሃው አለ።

ልኬቱን የማውቀው ራሴ ስለለካሁት ነው። ከአንድ አናጺ ሜትር ተውሼ በሁለት ከሰዓት በኋላ ጨረስሁት። ርዝመቱ ዘጠና አራት ሜትር ነው። ወርዱ በመንገዱ በኩል ሃምሳ ስምንት፣ በሐይቁ በኩል ሃምሳ አንድ ይሆናል። የጎደለውን ሰባት ሜትር የበላው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ሜዳው ይራመዳል። መሬቱ ከመንገዱ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። ኳስ መሐል ላይ አስቀምጦ እጅን ማንሳት ነው፤ በራሷ ትሄዳለች። የሐይቁ ጎል አግዳሚ በግራ በኩል ከቀኙ በሰባት ጣት ዝቅ ይላል።

ሜዳው የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የማይደረግበት ነገር የለም። ሰርግ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል፣ ለቅሶ ሲኖርም እንዲሁ። ለበዓል ዋዜማ በግ ይሸጥበታል። መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ሰዎች ሞተር ይለማመዱበታል። ድንኳኑ ሲፈርስ ካስማው ይነቀላል፤ የካስማውን ቀዳዳ ግን ማንም አይደፍነውም። አንድ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ሰርግ በኋላ ቆጥሬ ስልሳ ሦስት ቀዳዳ አግኝቻለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ከዚያ ሜዳ በቃሬዛ የወጣ ልጅ አውቃለሁ፤ ያወጣነው እኛ ነን።

እንግዳ ቡድን ሲመጣ ፊታቸውን አያለሁ። ባሕር ዳር ሲባሉ ሌላ ነገር ይጠብቃሉ። ባለፈው ዓመት ከዋንዛዬ በኩል በሚኒባስ የመጡ ልጆች ከመኪናው ወርደው ጫማቸውን ሳይቀይሩ ብዙ ቆሙ። አምበላቸው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ ወደ እኛ ዞረ።

«የምር ሜዳችሁን አሳዩን እንጂ፣ ቀልድ ይብቃ።»

«ይሄው ነው» አለው ተከላካያችን። ይህ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው።

«ኧረ በእመቤቴ! እኛ አገር ይሄን በቆሎ ነው የምንዘራበት።»

«እኛም ሞክረን ነበር። በቆሎው ተሰናክሎ ወደቀ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የልጁ ፊት ላይ የነበረውን ነገር አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ችሎታውን የሚያሳይበት መሬት ያጣ ሰው ፊት ነው።

እኔ በረኛ ነኝ። ነበርሁ። በረኝነት ያስተማረኝ ሰው የለም። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ ሲጠፋ የበረኞች ልምምድ በስልኬ እያየሁ፣ ያየሁትን በደብተር እየጻፍሁ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በመጋዘን ግድግዳ ላይ ኳስ እየወረወርሁ ነው የተማርሁት። ደብተሬ ውስጥ ብዙውን ገጽ የያዘው ኳስ መሬት ነክታ እንዴት እንደምትነሣ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ስንት፣ ሣር ላይ ስንት፣ ዝናብ ከመታው በኋላ ስንት። በረኛ የሚኖረው በዚያች ነጥራ በምትነሣበት ጊዜ ውስጥ ነው። አጥቂ መሬቱ ቢከዳው ሌላ ኳስ ይጠብቃል፤ በረኛ ሌላ ኳስ የለውም።

በሐይቁ ጎል ፊት፣ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ሜዳው ገባ ብሎ፣ ጉድጓድ ነበር። ከእኔ በፊት የቆሙ በረኞች ሁሉ በጫማቸው የቆፈሩት ነው። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ሜትር ከግማሽ፣ ጥልቀቱ መሐል ላይ ስንዝር ከአራት ጣት። በበጋ አቧራ ይሞላል፣ በክረምት ውሃ። ኳስ ጫፉን ከነካች ወደ ፊት ትወነጨፋለች፣ መሐሉን ከነካች ወደ ጎን ትሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ሁለት ዓመት ጻፍሁ፤ አላወቅሁም።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ እኔም የወጣሁት በእሱ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ጠራኝ።

«ስንት ዓመትህ ነው አሁን?»

«ሃያ ሦስት፣ አባዬ።»

«ኳሱን አልከለከልሁህም። ከልክዬህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«እስከ ጳጉሜ ሞክር። የወሰደህ ቡድን ካለ መርቄ እሸኝሃለሁ። ካልወሰዱህ ለአዲሱ ዓመት ከእኔ ጋር ትገባለህ። አለቃውን አነጋግሬዋለሁ። ቦታ ይዞልኛል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቅም።»

እሺ አልሁት። ልክ ነበር። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ከሰፈር ሜዳ በረኛ የሚወስድ የለም። በፎቶ ኮፒ ቤትም ሰው አይኮንም።

ግንቦት ላይ ጓደኛዬ ባጃጁን በሱቃችን በር ላይ አቁሞ ሳይወርድ ጮኸ።

«ስማ! የክረምቱን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊያይ አንድ ሰው ይመጣል። የበረኛ አሠልጣኝ ነው። ቡድኑ በረኛ ይፈልጋል።»

«ማን ነገረህ?»

«አዘጋጁን ስጭነው ሰማሁ። በስልክ እያወራ ነበር። አንዲት ጨዋታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ከዚያ ይሄዳል።»

«የት ሜዳ ላይ?»

«የት ይሆናል? የእኛ ላይ ነዋ። ወዲያኛው ሜዳ ላይ የግንባታ ድንጋይ ተራግፎበታል። ደስ አይልህም? በሜዳችን፣ በሰዎቻችን ፊት!»

ደስ አላለኝም። በዓይኔ የመጣው ጉድጓዱ ነው።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። አንድ ገልባጭ አፈር እንዲሰጠን ማመልከቻ በንጹሕ ወረቀት ጽፌ፣ የጉድጓዱን ልክ ከነሥዕሉ አያይዣለሁ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሰውዬ ሥዕሉን ወደዱት።

«ኢንጂነር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«በጣም ጥሩ ነው የሣልኸው። ሜዳው ግን በማን ነው የተመዘገበ?»

«የሕዝብ ነው።»

«እሱማ ሁሉም የሕዝብ ነው። የትኛው ክፍል ይዞታል ነው የምልህ።»

አላውቅም አልኋቸው። ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። እዚያ የነበረችው ሴት ደግሞ የወጣቶች ጉዳይ ነው ብላ ወደ ሌላ ቢሮ ላከችኝ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት መዝገብ አገላብጦ ሜዳው በአረንጓዴ ቦታነት እንጂ በስፖርት ቦታነት እንዳልተያዘ፣ ለአረንጓዴ ቦታ የሚሰጠው ችግኝ እንጂ አፈር እንዳልሆነ ነገረኝ። ሲያዝንልኝ አየሁት።

«ችግኝ ከፈለግህ ዛሬውኑ አስጭንልሃለሁ» አለኝ። «ጎሉ ፊት ትተክለዋለህ።»

ቀልዱን ነው። ግን እውነቱንም ነው።

አፈር በራሳችን ለማምጣት አሰብን። ጉድጓዱን አስልቼዋለሁ፤ በጓደኛዬ ባጃጅ ቢመላለስ ሳምንት ይፈጃል፤ የሚቆፈርበት ቦታም የለም፣ ዙሪያው ሁሉ የሰው ይዞታ ነው። ከሥር የሚሞላ ነገር ካገኘን ግን ላዩን ብቻ በአፈር መሸፈን ይበቃል። እንደዚህ እያሰብሁ ነው ከሜዳው ጀርባ ወርጄ ታንኳ የሚሠሩትን ሽማግሌ ያገኘኋቸው። ደንገል በቁመቱ እየደረደሩ በገመድ ይጠፍሩ ነበር። ከጎናቸው ያረጁ ሁለት ታንኳዎች ተጥለዋል፤ ጠቁረዋል፣ ግን ቅርጻቸው አልፈረሰም።

«አባባ፣ እነዚህን ይጥሏቸዋል?»

«ማገዶም አይሆኑ። ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«ለሜዳችን ጉድጓድ መሙያ።»

መጠፈሩን ትተው አዩኝ። «ሰው ውሃ ሲሻገር ነው ታንኳ የሚፈልግ። እናንተ በደረቅ ልትሰምጡ ነው?»

«ከሥር አድርጌ አፈር አለብሰዋለሁ። ደንገል ጠንካራ አይደለም?»

«ጠንካራ ነው እንጂ። አዲሱ አምስት ሰው ከነዕቃው ይሸከማል። ይሄ ግን አርጅቷል፣ ውሃ ይጠጣል። ውሰደው፣ ቦታ ታስለቅቅልኛለህ።»

ውሃ ይጠጣል ያሉኝን ሰምቻለሁ። ለሐይቅ አይሆንም ማለታቸው ነው ብዬ አለፍሁት፤ እኔ ሐይቅ ላይ ላወጣው አይደለምና። አምስት ሰው ከነዕቃው የሚለውን ግን ያዝሁት። አምስት ሰው ከተሸከመ አንድ በረኛ አያቅተውም።

ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ሠራን። ጓደኛዬ ታንኳዎቹን ከባጃጁ ኋላ አስሮ ጎተታቸው። በመጋዝ እንደ ጉድጓዱ ልክ ቆረጥሁ፤ አንዱን ድርብ በቁመቱ፣ ቀጣዩን በአግድሙ አጋደምሁና በእግራችን ረገጥነው። ደረቅ ስለነበር ከእግራችን ሥር ይንቋቋል። በላዩ የኩይሳ አፈር አለበስን። የኩይሳ አፈር ሲረግጡት እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፤ ይህንን ከስልኬ ነው ያነበብሁት። በመጨረሻ ከቦይ ዳር ሰርዶ ከነሥሩ እየገለበጥን ተከልን። ሲያልቅ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ የማያውቅ ሰው አያገኘውም።

ኳስ ከደረቴ ልክ ለቀቅሁ። ነጥራ ጉልበቴን አለፈች። በቋሚው ላይ በምስማር ምልክት አደረግሁ። አሥር ጊዜ ለቀቅኋት፣ አሥሩንም ከምልክቱ ከሁለት ጣት በላይ አልራቀችም።

«ቢላርድ ሆነ!» አለ ጓደኛዬ። «ሌላው ሜዳ ገደል ይግባ፣ እኛ እዚህች ሦስት ሜትር ላይ እንጫወታለን።»

በዚያን ቀን በሕይወቴ ያላየሁትን አየሁ፤ በዚያ ጎል ፊት ኳስ የምትሄድበትን አስቀድሜ አወቅሁ። ሐምሌ ሲገባ ውድድሩ ተጀመረ። አራት ጨዋታ ተጫወትን፣ ሁለት ጎል ብቻ ገባብኝ። ሰው ሁሉ መሬቱን እያየ «ማን ነው የሠራው?» ይል ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ሰውዬው እንደሚመጣም ተረጋገጠ።

ሳላየው ቀረሁ ብል ውሸት ነው። ነሐሴ አሥር አካባቢ ኳሷን ከደረቴ ስለቃት ከምልክቱ በታች ቀረች። ሣሩ ስላደገ ነው ብዬ አጨድሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ከጉልበቴ በታች፣ ከሳምንት በኋላ እስከ ባቴ ብቻ። ሐይቁ እየሞላ ነበር። ውሃ ከላይ በዝናብ፣ ከታች ደግሞ በመሬቱ በኩል ይገባል። በእግሬ ስረግጠው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ እግሬን ሳነሳ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ታንኳ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይጠግባል፣ ይከብዳል። ታንኳ ያለው ሰው ሁሉ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመዋል፤ ፀሐይ ይመታዋል፣ ይደርቃል። ካልደረቀ አይሸከምም። ይህን በሐይቁ ዳር ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ የቆሙትን ታንኳዎች እያየሁ ነው ያደግሁት። አፈር ውስጥ የቀበርሁት በየትኛው ፀሐይ እንደሚደርቅ ግን አንድ ቀን አላሰብሁም። ማንም ከሌላ አገር የመጣ ሰው ጉድጓድ በታንኳ አይሞላም፤ እኔ ታንኳ አውቃለሁ ብዬ ሞላሁ።

ለጓደኛዬ ነገርሁት።

«እንቆፍረው?» አለኝ።

«ቆፍረን በምን እንሞላዋለን?»

 ጨዋታው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አፈሩ ሁሉ ጭቃ ነው። ቢከፈት ጉድጓዱ ከነውሃው ይመለሳል፤ ያውም በእኔ እጅ የሰፋ። ዝናቡ ቢቆም ይሻለዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ሰማይ ማየት ሆነ። ዝናቡ አልቆመም።

የገጠሙን ከዱርቤቴ የመጡ ናቸው። ጠንካራ፣ ረዣዥም ልጆች፤ ጭቃ ለእነሱ ምናቸውም አይደለም። ሊያይ የመጣውን የበረኛ አሠልጣኝ በጥቁር ጃንጥላ ሥር በመሐል መስመር በኩል ቆሞ አየሁት። ማስታወሻ አልያዘም። እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ያያል።

የመጀመሪያውን አጋማሽ የመንገዱ ጎል ላይ ቆምሁ። እዚያ መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ ግን የታወቀ ድንጋይ ነው። ከቅርብ የተመታች አንዲት ኳስ በእግሬ አወጣሁ። ከማዕዘን የመጣችን በሁለት ሰው መሐል ዘልዬ ያዝሁ። ሦስተኛዋ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ወደ ግራ ቋሚው ጥግ የሄደችን በጣቶቼ ጫፍ ነክቼ አወጣኋት። ስነሣ ወደ ጃንጥላው አየሁ። ሰውዬው እጁን ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

በእረፍት ላይ ጓደኛዬ ውሃ እያቀበለ ጆሮዬ ሥር «አየህ አይደል? በጥሩ ቀንህ ነው የሚያይህ» አለኝ። ከዚያ ሐይቁን አየ። «አሁን ወደዚያ ነን» አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ከመሐል ሜዳ ረጅም ኳስ ተመታች። አጠገቤ ማንም አልነበረም። አጥቂያቸው ሩቅ ነው፣ የሚሮጠውም ለደንቡ ያህል ነው። ሁለት እርምጃ ወጣሁ። የምትወርድበትን አየሁ። እንደለመድሁት ነጥራ ወደ ደረቴ እንደምትመጣ እጆቼን አዘጋጀሁ። ኳሷ ወረደችና እዚያው ቀረች። አልነጠረችም። ዶሮ እንደጣለችው እንቁላል ሰርዶው ላይ ተቀመጠች። እጆቼ አየር ጨብጠው ተጋጩ። ጎንበስ ስል ፊት ያለው እግሬ ሰመጠ። አጥቂው ደርሶ፣ ራሱም ሳያምን፣ በጎኔ አሳልፎ ገፋት። ወደ ጎሉ በሩጫ እንኳ አልገባችም፤ ተንከባላ ነው የገባች።

 ከዚያ ዳር ከቆሙት ሳቅ ተነሣ።

«በረኛው ዓሣ እያጠመደ ነው!»

«ኧረ ሰምጧል፣ ታንኳ አምጡለት!»

ጓደኛዬ ወደ እኔ እየሮጠ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ቆመ። ፊቱ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልገባኝም። ታንኳው የት እንዳለ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መሬቱን እያየሁ ነው የተጫወትሁ፤ መሬት የሚያይ በረኛ ኳስ አያይም። ሁለተኛዋ ስትመታ ወደ ቀኝ ልወረወር የቆምሁበት እግር እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ተነሣሁ ስል ቀድማ አልፋለች። እግሬን ስነቅል ጥቁር የበሰበሰ ደንገል ከጫማዬ ጋር ተስቦ ወጣ። የዱርቤቴው አጥቂ አየው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወንድሜ?» አለኝ። በሹፈት አልነበረም። የምር ነው የጠየቀኝ። ደንገሉን በእግሬ ወደ ጭቃው መለስሁት።

ሁለት ለዜሮ አለቀ። ሰው ሲበተን አሠልጣኙ ወደ ሐይቁ ጎል ብቻውን መጣ። ጓንቴን አውልቄ ቋሚው ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

በጃንጥላው ጫፍ መሬቱን ወጋው። ያለ ምንም ትግል ገባ። ሲያወጣው ደንገል ይዞ ወጣ።

«ምን አለ እዚህ ሥር?»

«ታንኳ ነው።»

«ማን ቀበረው?»

«እኔ።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «በፊት ምን ነበር?» አለኝ።

«ጉድጓድ።»

ራሱን ነቀነቀ። «የመጀመሪያውን አጋማሽ አይቻለሁ። አቋቋምህ ደህና ነው። ማን አሠለጠነህ?»

«ማንም።»

የጃንጥላውን ጫፍ በሣሩ ጠረገ። ሊሄድ መሆኑን አወቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ልመና አልወድም። ያን ቀን ግን ከአፌ ወጣ።

«የመጀመሪያዋ ጎል የእኔ ናት ወይስ የመሬቱ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

 የቆምሁበትን ቦታ፣ ኳሷ የወረደችበትን ቦታ፣ መልሶ እኔን አየ።

«አላውቅም» አለ። «ብትነጥር ትይዛት ነበር ይሆናል። ወይም ቀድመህ ወጥተህ በራስህ ላይ ታልፍ ነበር። ልዋሽህ አልፈልግም። ይሄ ሜዳ አላሳየኝም። እኔ ደግሞ ያላየሁትን አየሁ ብዬ በረኛ አልወስድም። ለከርሞ ደህና ሜዳ ላይ ስትጫወቱ አስጠራኝ፣ እመጣለሁ።»

«ለከርሞ የለሁም።»

«ለምን?»

«ሥራ እገባለሁ።»

«እንግዲህ በርታ» አለኝና ጨበጠኝ። እጄ ጭቃ ነበር፤ ግድ አልሰጠውም።

መጥፎ ነህ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን በቁጭት አይደለም የምጽፈው። መጥፎ ከሆንሁ ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ሰው ሌላ ነገር ይይዛል። ጎበዝ ነህ ብሎ ቢተወኝ እንኳ እሱን ይዤ እኖር ነበር። ሰባት ዓመት በግድግዳ ላይ ኳስ ወርውሬ፣ አንድ ደብተር ሞልቼ፣ በረኛ መሆን አለመሆኔን የማላውቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ። የሚያውቀውም የለም። በዚያ ሜዳ ላይ እንደ እኔ ስንት ሰው ሳይታወቅ እንደቀረ አስባለሁ። የክንፍ ተጫዋች የነበረው ልጅ አሁን ሲሚንቶ ያራግፋል፤ ፈጣን ነበር እንላለን እንጂ በለስላሳ መሬት ላይ ሲሮጥ ያየነው አንድም ቀን የለም።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።»

«ስለ ሰውዬው ነው የጠየቅሁህ።»

«አላውቅም አለኝ።»

«አላውቅም ምን ማለት ነው? ሰው ወይ ይወስዳል፣ ወይ ይተዋል።»

«ሜዳው አላሳየኝም አለ፣ አባዬ።»

አባቴ ተነሣ። ገብቶ ማስታጠቢያውን ይዞ ወጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ የማፈስለት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እሱ አፈሰሰልኝ። ጭቃው ከጥፍሬ ሥር እስኪወጣ ድረስ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ተመለሰ። 

አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አብሬው ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋብሪካው በር ደረስን። ውስጥ ያለው የማሽን ድምፅ ሰው ከሰው ጋር አያነጋግርም፤ ሁሉም ጆሮ ላይ ጠጋ ብሎ ነው የሚጮኸው። አባቴ ወደ ክፍል ኃላፊው ወስዶ «ልጄ ነው» አለው።

ኃላፊው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት» አልሁ። ስለ ሌላው አልተናገርሁም። አባቴም አልተናገረም።

«እጅህን ዘርጋ።»

ሁለቱንም ዘረጋሁ። ገለበጣቸው። ጣቶቼን በጣቱ እየለካ አየና ደስ አለው።

«ረዣዥም ናቸው» ብሎ ወደ አባቴ ጮኸ። «ለክር መቀጠያ ነው የተሠራ። ከፈታይ ማሽን ላይ እናቆመዋለን።»

አባቴ ወደ ራሱ ክፍል ሄደ። አንዲት ሴት የተበጠሰ ክር ከሚሽከረከር ማሽን ላይ ሳያቆሙት እንዴት እንደሚቀጠል አሳየችኝ። ጫፉን ትይዛለህ፣ ታጥፋለህ፣ በጥፍርህ ትጠመዝዛለህ፣ ትለቃለህ። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ክር አመለጠኝ። ከምሳ በፊት አንድም አላመለጠኝም። ሴትዮዋ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «እጅህ ፈጣን ነው!» አለችኝ። አመሰገንኋትና ወደሚቀጥለው ክር ሄድሁ።